የሱሉልታው የድንጋይ በሬ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። በር ላይ የቆምከውም ግባ፤ ብርዱን ብቻህን ለምን ትጠጣዋለህ። እግራችሁን ዘርጉ፤ ደክሞት የሚያንቀላፋ ቢኖርም አልቀየምም። የማጫውታችሁ ስለ አንድ ነጋዴና ስለ አንድ የድንጋይ በሬ ነው።

ነጋዴው ዳኜ ይባላል። ሱቁ ቡራዩ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። የሚነግደው አሮጌ ዕቃ ነው፤ አሮጌ ስላችሁ ልባሽ ጨርቅ እንዳይመስላችሁ። ከአንድ ግንድ የተጠረበ በርጩማ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ጠርዙ የተበላ ጋሻ፣ አያት ቅድመ አያት ተንተርሰውት ያለፉት በርኩማ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። በወጣትነቱ ከመንዝ መጥቶ፣ የቡራዩዋን ወርቅቱን አግብቶ፣ ኦሮምኛውን ከአማቶቹ ለምዶ፣ አርባ ዓመት በዚህ ንግድ ኖሯል። በአርባ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ፣ ከሌባ እጅ የመጣ፣ ከመቃብር የተነሳ። ሰው ሲጠይቀው፣ እነዚህን የሚሸጥ ሰው የገዛ እንቅልፉን ነው የሚሸጠው ይል ነበር።

ባለፈው ክረምት ጂሬኛ የሚባል የሱሉልታ ገበሬ ደወለለት። ከቤቱ ጀርባ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍር ዶማው ድንጋይ መታ፤ አፈሩን ሲያራግፍለት ድንጋዩ ቀንድ አለው። ዳኜ ሄዶ ያየው ዕለት ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ዞረው። የተኛ በሬ ነው። የፊት እግሮቹን አጥፎ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘወር አድርጎ፣ ከኋላው ስሙን የጠሩት ይመስላል። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ጀርባው መሀል ለመሀል እንደ ገበታ ጎድጎድ ብሏል። የጠረበው ሰው በሬ የሚያውቅ፣ በሬ የሚወድ ሰው ነበር።

ዳኜ እንደ ልማዱ ጠየቀ፣ አጠያየቀ። መሬቱ የጂሬኛ ነው፣ ከአባቱ የወረሰው። ሁለት ጎረቤቶች መሰከሩ። ከባህል መሥሪያ ቤት ባለሙያ መጥቶ ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ከገበሬ ጓሮ የተገኘ ነውና እዚሁ አገር ውስጥ ሊሸጥ ይችላል ብሎ ጻፈለት። ገዢም ተገኘ፤ ሰበታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሠራ ወንዲ የሚባል ጎልማሳ። ሦስት ሳምንት ተከራከሩ፣ ተኮራረፉ፣ ታረቁ፣ ተስማሙ። ገንዘቡ ተከፍሎ በሬው ተጭኖ ሰበታ ገባ። የቀረው ሐሙስ ዕለት ምስክር ባለበት ውሉን መፈረም ብቻ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ማረፊያው በሠርግ ሊመረቅ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ዳኜ ሱቁን ከፍቶ ገና አቧራ ሲያራግፍ ስልኩ ጮኸ። ወንዲ ነው።

«ጋሽ ዳኜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝም?»

«ጠይቅ።»

«ይሄ በሬ ከየት ነው የመጣው?»

«ነግሬህ የለም እንዴ? ከሱሉልታ፣ ከገበሬ ጓሮ።»

«ጓሮው ውስጥ ሰው ተቀብሮበታል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዲ ኦቦ ዱቤ የሚባሉ ዘበኛ አሉት፤ የመናገሻ ሰው፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ። ኦቦ ዱቤ በሬውን ባዩ ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በእኛ አገር በሬ የሚጠረበው ከብቱ ሜዳ ለሞላ ሰው ነው፣ እሱም ከሞተ በኋላ፣ በመቃብሩ ላይ ነው አሉ። የሙት ድንጋይ የአበባ መደብ ማስጌጫ ከሆነበት ግቢ እኔ አላድርም አሉ። ይህን የሰሙት ጠራጊዎች መጥረጊያቸውን አጋድመው በአጥሩ በኩል ዞረው ሄዱ። ወንዲ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ግራ ገባው።

«ሙሽራዋ ቅዳሜ እሱን ተደግፋ ፎቶ ልትነሳ ነው እኮ። መቃብር ከሆነ፣ ጋሽ ዳኜ፣ ነገ ወረቀት አልፈርምም። እርስዎም እንዳይፈርሙ።»

ዳኜ ስልኩን ዘግቶ ከሚሸጣቸው በርጩማዎች በአንዱ ላይ ተቀመጠ። የፈራው ለገንዘቡ አልነበረም፤ ገንዘብ ይመለሳል። ዳኜ መቃብር ሸጠ ከተባለ ግን ያን ቃል የሚመልስ የለም። ደግሞም የአባቱ መቃብር ትዝ አለው። መንዝ ነው ያለው፤ ራስጌው ላይ የቆመችው ድንጋይ ያልተጠረበች፣ ከወንዝ የተለቀመች ናት። አንድ ሰው መጥቶ ያቺን ድንጋይ ነቅሎ ቢወስዳት ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻለም። ሱቁን ለወርቅቱ ትቶ በአስኮ አድርጎ፣ አዲሱ ገበያ ላይ ሚኒባስ ቀይሮ፣ በእንጦጦ ጎን ሽቅብ ሱሉልታ ወጣ።

ጂሬኛ በደጁ ላይ አገኘው። ዳኜ የሰማውን ነገረው። ጂሬኛ በእግዜር ስም ማለ፤ ከጓሮዬ ነው የቆፈርኩት አለ። እየማለ ሳለ ግን ድምፁ ቀስ በቀስ ወረደ።

«ምንድን ነው?» አለ ዳኜ።

«አባቴ አንድ ጊዜ በሬዎቹ ሁለት ነበሩ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«ሁለት? ይሄን ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አሁን ነው ትዝ ያለኝ። እኔ ሁለተኛውን አላየሁትም። አንዱ መቃብር ላይ ነበረ ይባላል። ፋብሪካው ሲመጣ መቃብሮቹ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተዛወሩ፤ ያኔ እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። የሚያውቅ ሰው ከፈለጉ አክስቴ ኤቢሴ ናት።»

«የት ናቸው?»

ጂሬኛ አንገቱን ደፋ። አክስቱ ክረምቱን ለገጣፎ ልጃቸው ዘንድ ከርመው የመጡት ባለፈው ሳምንት ነው፤ በሬው መሸጡን እስካሁን አልነገራቸውም። ፈራ። «እርስዎ ቢነግሩልኝ ይሻላል» አለና ራሱ ደጁ ላይ ቀረ፣ የአርባ ዓመት ሰው።

አዴ ኤቢሴ ከቤቱ ጎን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ባቄላውን ሳያይ ይፈለፍላል። ዳኜ ዝቅ ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ፤ አካም ጅርቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እህሉ እያለ እስከ መጨረሻው አደረሰው። አሮጊቷ እስኪጨርስ ሰሙትና በአማርኛ መለሱለት።

«ኦሮምኛህ ያነክሳል። ግን ይደርሳል። ተቀመጥ።»

ነገራቸው። ምንም አልሸሸገም። እጃቸው ባቄላው ላይ ቆመ።

«ማንን ጠይቀህ ገዛህ?»

«ጂሬኛን፣ እሜቴ። ጎረቤትም ጠይቄያለሁ።»

«የመሬቱን ባለቤት ጠየቅህ። ከብቱን ማን ይጠብቅ እንደነበር ግን አልጠየቅህም።»

አሮጊቷ ቀሪውን ቀስ እያሉ ነገሩት። በሬዎቹን የጠረቡት አያታቸው ናቸው፤ ሁለቱንም ከአንድ ቋጥኝ፣ በአንድ በጋ። አንዱን በራሳቸው አባት መቃብር ላይ አጋደሙት። ሁለተኛው ለሕያዋን ነው ብለው ከበረቱ በር ላይ አኖሩት፤ የከብቱ ጨው የሚደረገው በእሱ ጀርባ ላይ ነበር። አሞሌውን ፈጭቶ መነስነስ የሴት ልጅ ሥራ ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ኤቢሴ ነበረች። ካገባች በኋላ በረቱ ፈረሰ፣ ፍርስራሹ አፈር ሆነ፣ የጨው ድንጋዩን የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። አፅሙን ያዛወረው ወንድማቸው ነው፣ የጂሬኛ አባት። ድንጋዩንም ከአፅሙ ጋር አብሬ ቀብሬዋለሁ አለ። ነገር ግን ያን ሰሞን በጋሪ ድንጋይ ጭኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ አየነው የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ኤቢሴ የሰዎቹን አመኑ። የአባቶቻችንን ድንጋይ ደበቀው፣ አንድ ቀን ሊሸጠው ነው አሉ። ወንድማቸውን እስኪሞት ድረስ አላናገሩትም።

«አሁን ደግሞ ከጓሮው ተቆፍሮ ወጣ ትለኛለህ» አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ደክሞ ነበር።

ዳኜ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳያቸው። አስጠግተው፣ አርቀው አዩት። ይህ ለእኔ ጭጋግ ነው አሉ። ሁለቱ በሬዎች እንደ መንታ ናቸው፤ አንዱ በዝናብ የተበላ፣ አንዱ በከብት ምላስ። ይህን የሚለየው እጅ ነው እንጂ ፎቶ አይደለም።

«የመቃብሩ ከሆነ ምን ታደርጋለህ?»

«እመልሰዋለሁ። የወንዲን ገንዘብ መልሼ፣ ድንጋዩን ከአፅሙ ጋር አኖረዋለሁ።»

«በጀርባህ ተሸክመህ?»

«በጀርባዬም ቢሆን።»

«በጀርባህስ አትችለውም፤ ስትቀመጥ ወገብህ ሲንቋቋ ሰምቼዋለሁ» አሉና ባቄላውን አስቀመጡ። «ነገ መኪና ይዘህ ና።»

ሐሙስ በጠዋት መጣ። አዴ ኤቢሴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀመጡ፤ ጂሬኛ ከኋላ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ። አዲስ አበባን አቋርጠው፣ በአየር ጤና በዓለም ገና አድርገው ሰበታ እስኪደርሱ አሮጊቷ ብዙ አልተናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወንድሜ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም።

ወንዲ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ኦቦ ዱቤም ነበሩ፤ ከበሬው ሃያ እርምጃ ርቀው፣ ዱላቸውን ተደግፈው። ሁለቱ አዛውንቶች ሲገናኙ ሌላው ሁሉ ቆመ፤ ከየት ነዎት፣ የእነ ማን ነዎት፣ የእነ ማንን ያውቃሉ ተባባሉ። ወንዲ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ዳኜ የአሮጊቷን ክንድ ይዞ በለመለመው ሣር ላይ ወሰዳቸው።

ተንበረከኩ። መጀመሪያ ግንባሩን ዳሰሱ፤ ከዚያ ቀንዱን፣ የታጠፈውን አንገት፣ ትከሻውን። እጃቸው ጀርባው ላይ ሲደርስ ዘገየ። ጎድጓዳውን ዙሪያውን፣ ደግሞ ዙሪያውን አዳረሱት።

«እማማ፣ የትኛው ነው?» አለ ወንዲ።

«እጄ የጨው ድንጋዩ ነው ይለኛል» አሉ። «ግን እጄ የእኔ ነው። የምመኘውን ነው የሚነግረኝ። ላም አምጡልኝ።»

ወንዲ የሰማው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ዳኜን አየው። ዳኜ ግን ገብቶታል። ከግቢው አጥር ማዶ ፈቲያ የምትባል ወተት ሻጭ ሴት ሦስት ላሞች አሏት። ጂሬኛ ሮጦ ጠራት። ፈቲያ ነገሩን ስትሰማ፣ ላሜ ለምስክርነት ተጠርታ አታውቅም አለች፤ ቢሆንም አንዷን፣ ቡሬን፣ በገመድ እየሳበች ይዛት ገባች።

ቡሬ እንደ ገባች አልቸኮለችም። መጀመሪያ የወንዲን አዲስ ሣር ነጨች። ወንዲ ከንፈሩን ነከሰ። ቀጥላ ከመደቡ አንድ ቢጫ አበባ ቀጠፈች፤ ይህን ጊዜ ወንዲ ሊናገር ሲል አዴ ኤቢሴ እጃቸውን አንስተው ዝም አስባሉት። ላሟ አበባውን አላምጣ ዋጠች። ጆሮዋን አራገበች። ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አሸተተች፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፤ ፈቲያን ከነገመዷ እየጎተተች ወደ በሬው ሄደች፣ አንገቷንም ደፍታ ጀርባውን መላስ ጀመረች።

የሚሰማው ሻካራው ምላሷ ብቻ ነበር፤ ከር፣ ከር፣ ከር። ምላሷ በጎድጓዳው ልክ ይገባል። ያ ጎድጓዳ በመሮ የተሠራ አልነበረም፤ ስንት ትውልድ ከብት የላሰው ነበር።

ኦቦ ዱቤ በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ላም ያገኘችውን ትልሳለች አሉ፣ የወንዲን ግድግዳም ትልስ ይሆናል። እንግዲያው ሌላ ድንጋይ አሳዩአት ተባለ። ጂሬኛና ፈቲያ እየገፉ በበሩ ግራና ቀኝ ወደ ተተከሉት ጥርብ ድንጋዮች ወሰዷት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ገመዱን ላላ ሲያደርጉላት ቀጥ ብላ ወደ በሬው ተመለሰች። ሊያርቋት ሲሞክሩ ጮኸች። ይህን ጊዜ ኦቦ ዱቤ ሃያውን እርምጃ መጡና መዳፋቸውን በበሬው ግንባር ላይ አሳረፉ። መቃብር ላይ ጨው የሚያደርግ የለም አሉ።

ዳኜ ሣሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል አለመቅመሱ ያን ጊዜ ነው የታወቀው፤ ርሃቡ ራሱ ደስ አለው። ሰማዩን አየ፤ የጥቅምት ሰማይ ነው፣ አንድም ደመና የለበትም። ለወርቅቱ ደወለና፣ ላሟ ላሰችው አላት። ወርቅቱ ምን እንደሚል ባይገባትም ድምፁን ሰምታ፣ ተመስገን አለች።

አዴ ኤቢሴ ግን ገና እንደ ተንበረከኩ ነበሩ። እያለቀሱ ነው፤ ደግሞ ፈገግ ብለዋል።

«እንግዲያው የመቃብሩ በሬ ከአፅሙ ጋር ነው» አሉ። «ወንድሜ እውነቱን ነበር። በጋሪ የጫነውም የግድግዳ ድንጋይ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በከንቱ ኮነንኩት።»

ጂሬኛ መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። አባቱ በእህቱ ዘንድ ሌባ ሆኖ መኖሩን ያን ቀን ነበር የሰማው። አሮጊቷ ራሱን ይዘው ወደ ትከሻቸው አስጠጉትና፣ ደግሞ አንድ ድንጋይ ቆፍረህ ብታገኝ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ አሉት። እሺ አለ። በሬ ቢሆንም ውሻ ቢሆንም አሉት። እሺ አለ።

ፈቲያ ትኩስ ወተት አመጣች፤ ወንዲ ዳቦ አስቆረሰ። ዳኜ ሲበላ ያየው ሰው ከጾም የወጣ ይመስለው ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ወጣ። ወንዲ ብዕሩን ሲያነሳ አዴ ኤቢሴ ቆይ አሉት።

«ሽያጩን አልከለክልም። ጂሬኛ ተቀብሏል፣ ይሄም ሰው በእውነት ገዝቷል። ነገር ግን ይህ በሬ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አልወድም። በወር አንድ ቀን ጀርባው ላይ ጨው አድርግበት። የጎረቤት ላሞችም ይግቡና ይላሱ።»

ወንዲ ሣሩን አየ፤ የተበላውን ቢጫ አበባ አየ። «እማማ፣ እዚህ ግቢ እኮ እንግዳ ነው የሚያርፍበት።»

«ላምስ እንግዳ አይደለችም?» አለች ፈቲያ። «የእኔዋ ቁርስ እንኳ በልታለች።»

ኦቦ ዱቤ ሳቁ፤ ወንዲም መሳቅ አልወደደም ግን ሳቀ። ዳኜ ገዢን በማባበል አርባ ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አላባበለም። በእርጋታ፣ ወንዲ፣ ሰው አሮጌ ነገር የሚገዛው ዕድሜውን ፈልጎ ነው፤ ይሄ ዕድሜውን ያገኘው በጨው ነው፣ ከለከልከው ማለት ትናንት የተጠረበ ድንጋይ ገዛህ ማለት ነው ብሎ ነገረው። ወንዲ ብዕሩን እንደገና አነሳ። ከዚያ በውሉ ግርጌ በገዛ እጁ ጨመረበት፤ ገዢው በየወሩ አንድ ቀን በበሬው ጀርባ ላይ የከብት ጨው ያደርጋል፣ የጎረቤት ላሞችም ያለ ከልካይ ይልሳሉ። ዳኜ ፈረመ፣ ወንዲ ፈረመ፣ ኦቦ ዱቤና ፈቲያ በምስክርነት ፈረሙ። አዴ ኤቢሴ ሻጭም ገዢም ምስክርም አይደሉም፤ ቢሆንም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉበት፣ የከለከላቸውም የለም። ጠራጊዎቹም ከሰዓት ተመለሱ።

ወደ ሱሉልታ ሲመለሱ አዴ ኤቢሴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መኪናውን አስቆሙ። ወንድማቸው የተቀበረው እዚያ ነው። ጂሬኛ ሊደግፋቸው ቢል እንቢ አሉ፤ ብቻቸውን ገቡ። ዳኜ ከአጥሩ ውጭ ጠበቀ። የሚሉት አይሰማም፤ ግን ረጅም ጊዜ እንደ ተናገሩ፣ አንዳንዴም ዝም ብለው እንደሚሰሙ ሰው ራሳቸውን እንደ ነቀነቁ አየ። ሲወጡ ፊታቸው ቀለል ብሎ ነበር። ተኮራርፈን ኖረን ብዙ ወሬ ተጠራቅሞብን ነበር አሉት። ዳኜ በሩን ከፈተላቸው። ያን ቀን ቡራዩ እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ ላይ ላም ባየ ቁጥር ፈገግ እያለ ነበር።

ወሬዬ ይኸው ነው፣ ልጆቼ። እንግዲህ የአንድን አሮጌ ነገር ባለቤት ስታፈላልጉ፣ መሬቱን የወረሰውን ጠይቃችሁ ብቻ አትመለሱ፤ በረቱ በር ላይ ጨው ትነሰንስ የነበረች ልጅም አለች፤ ዛሬ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ይሆናል። ሌላውን ብትረሱት ግድ የለኝም። እሷን ግን አደራ፣ አስታውሱልኝ።